በአውራ አምባ ያየነውና ለማኅበራችን የሚበጀው

(በማኅበራችን የዐሥረኛ ዓመት በዓል ላይ በኮለምበስ፣ ኦሃዮ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣
የተከበራችሁ ወላጆቻችንና እንግዶቻችን፣
ውድ ልጆቻችን፣

የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ በዚህ መድረክ ላይ አጭር ንግግር እንድናደርግ ሲጠይቀን፣ ከእኛ የተሻሉ ተናጋሪዎች መኖራቸውን እያወቅን እሺ ያልነው አንድ የቆየ ዕዳ ስላለብን ነው። በጥር ወር 2011 ዓ.ም. የዚህ ማኅበር አባላት የሆንን አራት ሰዎች፣ ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች፣ ዘመድ ለመጠየቅ አገር ቤት ሄደን ነበር። በዚያው ጉዞ አውራ አምባ የምትባለውን የገጠር መንደር ጎበኘን። ስንመለስ፣ “ያያችሁትን ንገሩን” ብላችሁን፣ “በሚቀጥለው ስብሰባ” ብለን ቃል ገባን። ከዚያ የኮሮና ወረርሽኝ መጣና ስብሰባው ቆመ። የአገራችንም ጉዳይ ተከትሎ ሌላውን ሁሉ አስረሳን። እነሆ ዛሬ ዕዳችንን ልንከፍል ቀርበናል።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። የምንነግራችሁ በዚያን ጊዜ ያየነውን ነው። እንደምታውቁት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነት ተቀስቅሶ ብዙ ወገን ተጎድቷል። እኛ ያን ጊዜ ብርቱካን እየላጥን፣ እየተሳሳቅን ያለፍንበትን መንገድ ስናስብ ዛሬ ልባችን ያዝናል። ስለዚህ፣ “አውራ አምባ ዛሬ እንዲህ ናት” ብለን አንናገርም፤ “እንዲህ ሆና አገኘናት” እንላለን።

ከባሕር ዳር የተነሣነው በማለዳ ነበር። መንገዱ ጣናን በስተግራ ትቶ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ወረታ ሲደርሱ ወደ ጎንደር የሚወስደውን አስፋልት ትቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚሄደውን መንገድ መያዝ ነው። ግራና ቀኙ የፎገራ ሜዳ ነው፤ ሩዙ ታጭዶ ገለባው ተከምሯል፤ ከብቶቹ በቃርሚያው ላይ ተበትነዋል። ዓለም በር ከምትባለው ከተማ አጠገብ ከዋናው መንገድ ታጥፈን በአቧራማው መንገድ ጥቂት እንደሄድን መንደሪቱ ደረስን። ከባሕር ዳር ሁሉ በሁሉ 73 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ ወረዳ የምትገኝ፣ ያኔ ወደ 500 የሚጠጋ ሰው የሚኖርባት መንደር ናት።

ሩቅ ለሚያያት ከሌላው የገጠር መንደር ብዙም የማትለይ ናት። ቤቱ ጭቃ፣ ጣሪያው ሣርና ቆርቆሮ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ሰዉ ሲሠራ ሲያዩት ነው። እንግዳ ጥቂት የመግቢያ ገንዘብ ይከፍልና አስጎብኚ ይሰጠዋል። እኛን የመራችን የመንደሪቱ ልጅ የሆነች ወጣት ነበረች። መጀመሪያ የወሰደችን ወደ ሽመናው አዳራሽ ነው። እንደምታውቁት በአገራችን ልማድ ጥጥ መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ሥራ ነው። እዚያ ግን መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ የሚልኩት ሴቶች ነበሩ፤ አጠገባቸው ተቀምጠው የሚፈትሉ ወንዶች አየን። ቀጥለን ወደ ማድ ቤት ገባን። ምጣዱ ላይ የቆመው ወጣት ወንድ ነው። እንጀራውን አስፍቶ፣ ዓይኑ መውጣቱን ተመልክቶ፣ አክንባሎውን ሲደፋ እጁ አልተንቀጠቀጠም። በእርሻ ጊዜ ደግሞ ሴቶቹ ሞፈር እንደሚጨብጡ ነገረችን። ይህን የምትናገረው እንደ ተአምር አልነበረም፤ ሥራ የሚከፋፈለው በችሎታ እንጂ በጾታ አይደለም ብላ አለፈችው።

እንዲህ ያለው ልማድ ከየት መጣ ብለን ጠየቅን። መንደሪቱን በ1964 ዓ.ም. የመሠረቷት ዙምራ ኑሩ የሚባሉ ገበሬ ናቸው። የተወለዱት እዚያው ደቡብ ጎንደር፣ በእስቴ ነው፤ ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም። ታሪካቸውን ለብዙ ሰው የተናገሩት ስለሆነ እኛም የሰማነውን እናካፍላችሁ። ገና በሕፃንነታቸው እናታቸው ከአባታቸው እኩል እርሻ ላይ ውለው ሲመለሱ፣ አባታቸው ያርፋሉ፤ እናታቸው ግን ይፈጫሉ፣ ይጋግራሉ፣ ውኃ አሙቀው የባላቸውን እግር ያጥባሉ። ሕፃኑ፣ የእናቴ ድካም ለምን አይቆጠርም ብለው ጠየቁ። የክርስቲያን ሥጋና የእስላም ሥጋ ለምን ይለያል፣ የደከመ ሽማግሌ ለምን ይጣላል፣ ሰው የራሱ ያልሆነውን ለምን ይወስዳል የሚሉትም ጥያቄዎች ተከተሉ። ዘመድ ጎረቤቱ፣ ይህ ልጅ አእምሮው ተነክቷል አለ። እሳቸው ግን ከቤት ወጥተው አገር ለአገር ዞሩ፤ ቆይተውም 19 የሚሆኑ ሐሳባቸውን የተቀበሉ ሰዎች ይዘው በዚያ ቦታ ሰፈሩ። ከብዙ ዓመት በኋላ ያንን “እብድ” የጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። እኛ በሄድንበት ቀን እሳቸውን ለማግኘት አልታደልንም።

ወገኖቻችን፣ እንዲህ ስንናገር ነገሩ ሁሉ ቀላል የነበረ እንዳይመስላችሁ። የአካባቢው ሰው ለረጅም ዘመን አልወደዳቸውም። ቤተ ክርስቲያን የላቸውም፣ መስጊድም የላቸውም። በፈጣሪ እናምናለን፣ አምልኮታችን ግን መልካም ሥራ ነው ይላሉ። ለዚህና ለሌላውም ልማዳቸው ጎረቤት ጠላቸው። በደርግ ዘመን መጨረሻ ዓመታት ደግሞ ተቃዋሚ ይረዳሉ ተብለው ስለተወነጀሉ መንደራቸውን ጥለው እስከ ቦንጋ፣ ካፋ ድረስ ተሰደዱ። ደርግ ወድቆ በ1985 ዓ.ም. ሲመለሱ መሬታቸውን ሌላ ሰው ይዞት አገኙ። የቀረላቸው 17.5 ሄክታር ብቻ ነበር። ያ መሬት ያን ሁሉ ሕዝብ አይመግብም። ወደ ሽመና፣ ወደ ወፍጮና ወደ ንግድ የዞሩት በዚህ ምክንያት ነው። እኛም ስደት የምናውቅ ሰዎች ነንና ይህን ስንሰማ ዝም አልን። መሬት ያጣ ሰው በእጁ ሙያ፣ ከሁሉም በላይ በአንድነቱ ይኖራል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እኛን ከሁሉ የነካን ሽመናውም፣ እንጀራ ጋጋሪው ወጣትም አይደለም። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን የሚኖሩበትን ቤት አሳዩን። ንጹሕ ነው፤ መደቡ ላይ አንጥፈው የተቀመጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አሉበት፤ የሚያበላቸው፣ የሚያጥባቸው፣ የሚያጫውታቸው ሰው በየተራ ይመደባል። “ወጪው ከየት ይመጣል?” ስንል፣ የመንደሪቱ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ለራሱ ሳይሆን ለወገኑ እንደሚሠራ ተነገረን። የዚያ ቀን ገቢ ለአረጋውያን፣ ወላጅ ለሌላቸው ልጆች፣ ለታመመና ለቸገረው ይውላል። የሚያስተዳድረውም ኮሚቴ “ለወገን ደራሽ” ይባላል።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ከእኛ የበለጠ ደግ ስለሆኑ አይደለም። እኛም ደግ ነን። ልዩነቱ እኛ ደግነታችንን ለልባችን ትተነዋል፤ እነሱ ቀን ቆርጠውለታል። ልብ ይረሳል፣ ይደክማል፣ በሺፍት ሥራ ይጠመዳል። ቀን ግን በየሳምንቱ ይመጣል።

ስንመለስ በመኪናው ውስጥ ክርክር ተነሣ። ይህንንም ሳንደብቅ እንንገራችሁ፤ ያለዚህ ንግግራችን እውነት አይሆንም። ከእኛ አንዱ፣ ሰው እምነቱን በአደባባይ የማይገልጽበት መንደር ልቤን ቀዘቀዘው አለ። ሌላይቱም፣ ሰው ሲሞት ወዲያው ቀብረው ወደ ሥራ መመለሳቸውን፣ ለቅሶ መቀመጥና ተዝካር አለመኖሩን ስትሰማ፣ “እኔስ ለእናቴ ሳላለቅስ አልውልም” አለች። በዚህ ሁላችንም ተስማማን። ማኅበራችን ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም፣ ካቶሊኩም በአንድ ማዕድ የሚቀመጥበት ነው፤ ለቅሷችንም መተሳሰሪያችን ነው። የአውራ አምባን ሕግ እንዳለ ወደ ኮለምበስ እናምጣ የሚል ሰው ከመካከላችን አልነበረም።

ነገር ግን ሁለቱ እኅቶቻችን እዚያ ላይ አላቆሙም። ወረታ ከመድረሳችን በፊት አንዷ ወደ ወንዶቹ ዞር ብላ፣ “ለመሆኑ ያ እንጀራ የሚጋግር ልጅ ያሳቃችሁ ምን ሆኖ ነው?” አለች። እውነት ነው፣ ስቀን ነበር። ቀጥላም፣ “በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ከዐርብ ማታ ጀምሮ ወጥ ቤት የምንቆመው እኛ፣ ቅዳሜ መድረክ ላይ ወጥታችሁ ‘ማኅበራችን ድግስ አዘጋጀ’ የምትሉት እናንተ። ማኅበሩ ማን ነው?” አለች። ሌላይቱ ሌሊት ግሮቭፖርት መጋዘን ስትሠራ አድራ፣ ጠዋት ቀጥታ ወደ ሽንኩርት መክተፍ የመጣችበትን ቀን አስታወሰች። ወንዶቹ መልስ አልነበረንም፤ ዛሬም የለንም። ያ ሕፃን በእስቴ የጠየቀው ጥያቄ ስድሳና ሰባ ዓመት ተጉዞ በመኪናው ውስጥ አገኘን።

ከተመለስን በኋላ ነገሩን በቅርባችን ለማየት ፈልገን፣ አንድ እሑድ በ77 ቁጥር አውራ ጎዳና አጠገብ ወዳለችው ዞዋር ወደምትባል መንደር ሄድን። ከዚህ ከኮለምበስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሁለት ሰዓት ያህል ቢነዳ ነው። ይህችን መንደር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1817 የመሠረቷት በሃይማኖታቸው ምክንያት ከጀርመን አገር፣ ከቩርተምበርግ የተሰደዱ ሰዎች ናቸው። እነሱም እንደ እኛ ስደተኞች፣ እንግሊዝኛ የማያውቁ፣ ዕዳ ያለባቸው ነበሩ። ሽማግሌውና ደካማው እንዳይወድቅ ብለው በ1819 ንብረታቸውን አንድ አደረጉ። የኦሃዮና ኢሪ ቦይ ሲቆፈር በጉልበታቸው ቆፍረው፣ ባገኙት ገንዘብ የመሬታቸውን ዕዳ ከፈሉ። የአሜሪካ ሴቶች በመላው አገሪቱ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1920 ሲሆን፣ በዞዋር ግን ሴቶች ከመቶ ዓመት በፊት በማኅበራቸው ጉዳይ ድምፅ ይሰጡ ነበር። መሪያቸው ጆሴፍ ቢምለር በ1853 ሞተ። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ እየደከመ ሄደ፤ የእጅ ሥራቸው ከፋብሪካ ዕቃ ጋር መወዳደር አልቻለም፤ ወጣቶቹም ዓይናቸው ወደ ውጭው ዓለም ሄደ። በ1898 አባላቱ ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው ንብረታቸውን ተካፈሉና ማኅበሩ ፈረሰ። ዛሬ ቤቶቹ አምረው ቆመዋል፤ አስጎብኚ አለ፣ የአትክልት ቦታ አለ፤ ማኅበሩ ግን የለም።

ከዚያ የተማርነው ይህን ነው፦ ማኅበር የሚሞተው አዳራሽ ስላጣ አይደለም። ልጆቹ የእኔ ነው ማለት ሲያቆሙ ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። ዐሥር ዓመት ቀላል ጊዜ አይደለም። በዚህ ጊዜ ሬሳ አገር ቤት ልከናል፤ ኀዘንተኛ አጽናንተናል፤ እንቁጣጣሽን ሳናከብር የቀረንበት ዓመት ከወረርሽኙ ወራት በቀር የለም። ለዚህ የደከሙትን ሁሉ እናመሰግናለን። ነገር ግን እውነቱን እንናገር ካልን፣ ማኅበራችን ጉልበቱ የሚታየው ሰው ሲሞት ነው። በአንድ ስልክ መቶ ሰው ይሰበሰባል፤ ገንዘቡ በሁለት ቀን ይሞላል። በሕይወት ላለው ሰውስ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አባላችን ባረፉ ጊዜ፣ በለቅሶው ላይ የማናውቃቸው አንዲት እናት አየን። የልጅ ልጆቻቸውን ለማሳደግ የመጡ ናቸው። ልጃቸው ሌሊት ትሠራለች፣ ቀን ትተኛለች፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይውላሉ። እማማ እንግሊዝኛ አይችሉ፣ አውቶቡስ መሳፈር አያውቁ፣ በረዶው ያስፈራቸዋል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ከአፓርትመንታቸው አልወጡም ነበር። ውሎአቸው በመስኮት የመኪና ማቆሚያውን ማየት ነው። ያን ቀን ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠው ቡና ሲቀዳላቸው ዙሪያውን አዩና፣ “ለካ እዚህ አገርም ሰው አለ” አሉ።

ቤታቸው ማኅበራችን ከሚሰበሰብበት አዳራሽ በመኪና የዐሥር ደቂቃ መንገድ ነው። እሳቸው በመስኮት መኪና ሲቆጥሩ በከረሙበት በዚያው ክረምት እኛ ሦስት ስብሰባ አድርገን ስለ አዳራሽ ኪራይና ስለ ማይክራፎን ተከራክረናል። እኛ አራታችንም በስብሰባው ላይ ነበርን። አውራ አምባን አይተን የተመለስን እኛ! ስለዚህ ይህን የምንናገረው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ከተወቃሾቹ ፊተኞቹ እኛ ነን። እማማን ያገኘናቸው ሰው ስለ ሞተ ነው። ሰው ባይሞት ኖሮ መቼ እናገኛቸው ነበር?

ስለዚህ ለሁለተኛው ዐሥር ዓመት ሦስት ሐሳቦች እናቀርባለን። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተወያይታችሁ ትወስኑባቸው ዘንድ እንለምናለን።

አንደኛ፣ በወር አንድ ቀን፣ የወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ፣ “የወገን ቀን” ይሁን። እንደ አውራ አምባ በየሳምንቱ ማድረግ አንችልም፤ የአሜሪካን ኑሮ እናውቀዋለን። እያንዳንዱ ቤተሰብ በየተራው ግን በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ሦስት ሰዓት ቢሰጥ ይበቃል። ሥራው ከባድ አይደለም፦ ቤት የዋሉ አረጋውያንን በመኪና አምጥቶ አንድ ቦታ ቡና ማፍላት፤ አዲስ የመጣን ሰው መንጃ ፈቃድ ማስወጣትና ልጅ ትምህርት ቤት ማስመዝገብ፤ የወለደችን እናት ገንፎ ይዞ መጠየቅ፤ የታመመን ሐኪም ቤት ማድረስ። ዝርዝሩን የሚይዝ፣ ተራውን የሚያስታውስ አንድ ኮሚቴ ይሰየም።

ሁለተኛ፣ ከመጪው እንቁጣጣሽ ጀምሮ የወጥ ቤት ተረኞች ዝርዝር ይጻፍ፤ በዝርዝሩም ላይ የወንዶችና የሴቶች ስም እኩል ይሁን። እንጀራ መጋገር የማንችል ወንዶች ሽንኩርት መክተፍ፣ ድስት ማጠብ እንችላለን። ከእኛ አንዱ ከአውራ አምባ ከተመለሰ ወዲህ ሽሮ መሥራት ለምዷል። ባለቤቱ ጨው ይበዛዋል ትላለች እንጂ መብላቱንስ አልተወችም።

ሦስተኛ፣ ከ16 ዓመት በላይ የሆኑ ልጆቻችን በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ውስጥ ሁለት መቀመጫ ከነድምፁ ይሰጣቸው። እስከ ዛሬ ልጆቻችንን የምንጠራቸው ወንበር እንዲደረድሩና የሀገር ልብስ ለብሰው እንዲጨፍሩ ነው። ወንበር የደረደረ ልጅ ወንበሩን ደርድሮ ይሄዳል፤ የወሰነ ልጅ ግን ውሳኔውን ለማየት ይመለሳል። በአማርኛ መናገር ቢያቅታቸው በእንግሊዝኛ ይናገሩ፤ እኛ እናስተረጉማለን። በዞዋር የሆነው በእኛ እንዳይደርስ ከፈለግን ከዚህ ሌላ መንገድ አይታየንም።

ክቡራንና ክቡራት፣

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ በየስብሰባውም እንለዋለን። በአውራ አምባ የሽመና አዳራሽ ቆመን ስናይ ግን አንድ ያላስተዋልነው ነገር ገባን። ድር ብቻውን ልብስ አይሆንም። ድሩ ተወጥሮ ይቀመጣል፤ ልብስ የሚሆነው ማጉ በመወርወሪያው ሲመላለስበት፣ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሺህ ጊዜ ሲመላለስበት ነው። ማኅበራችን ዐሥር ዓመት ድሩን ወጥሯል፦ መተዳደሪያ ደንብ አለን፣ የባንክ ሒሳብ አለን፣ የአባላት መዝገብ አለን። የቀረን መመላለሱ ነው።

እማማ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከእኛ ጋር አሉ። ስማቸውን አንጠራም፤ እሳቸው ያውቁታል። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ቅዳሜ ቡናውን እኔ አፈላለሁ ብለውናል። መኪና ያለው ሰው በአራት ሰዓት መጥቶ ይውሰዳቸው። ሌሎችንም የማናውቃቸውን እናቶችና አባቶች የምታውቁ፣ ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት አድራሻቸውን በር ላይ ላለችው ጸሐፊያችን ስጡልን።

ለሃያኛው ዓመት በሰላም ያድርሰን፤ ለአገራችንም ሰላሙን ያውርድልን።